ጃክ ማነው? በአንድ ተራ ስም ላይ ስለተሠሩ የእንግሊዝኛ አባባሎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር የሚኖር ሰው ከጃክ ጋር ሳይገናኝ አይውልም። ጎማ ሲተነፍስ ጃክ ይፈለጋል። የጆሮ ማዳመጫው የሚሰካው ጃክ ውስጥ ነው። ዕድል ሲቀና ጃክፖት ነው። ብዙ ሥራ የሚሞክር ሰው ጃክ ይባላል፣ ምንም የማያውቅ ደግሞ «ጃክ አያውቅም» ይባላል። እዚህ አዲስ አበባ ተቀምጦ ፊልም የሚያይም ቢሆን ጃክን አያጣውም። የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ የምችለውን ያህል መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ጃክ ማነው?

ማንም አይደለም። ጨዋታውም ያለው እዚያው ላይ ነው። እኛ «እገሌ» የምንለውን ሰው እንግሊዞች ለብዙ መቶ ዓመታት ጃክ ሲሉት ኖረዋል። መጀመሪያ የሰው ስም ነበር። ቀጥሎ የማንኛውም ተራ ሰው መጠሪያ ሆነ። ከዚያ የአሽከር ስም ሆነ። በመጨረሻ ደግሞ የአሽከሩን ሥራ የቀማው ዕቃ ወረሰው። ይህን ቅደም ተከተል የያዘ ሰው አብዛኞቹን የጃክ አባባሎች ያለ መዝገበ ቃላት ይፈታቸዋል።

ጃክ የማን ስም ማሳጠሪያ ነው? ያዕቆብ ነው የሚሉ አሉ።

የዮሐንስ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከፈረንሳይኛው ዣክ ነው፤ እሱ በእርግጥ ያዕቆብ ነው። በእንግሊዝ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ጆን በመካከለኛው ዘመን በማቆላመጫ ጃንኪን ይባል ነበር። ጃንኪን ጃኪን ሆነ፣ ጃኪን ደግሞ አጠረና ጃክ ሆነ። እኛስ ማሞን ማሙሽ፣ አበበን አቤ እንል የለ?

እስከ ቅርብ ጊዜም ጆን የተባለ ሰው በቤተሰቡ ዘንድ ጃክ ሲባል መስማት የተለመደ ነበር። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲን ዘመዶቹና ወዳጆቹ ጃክ ነበር የሚሉት። አዲስ አበባ ውስጥ ዮሐንስ ተብሎ ጆኒ ሳይባል ያደገ ልጅ ካለ ንገሩኝ። የጃክም ነገር ያው ነው።

ለምን ጃክ? ለምን ሄንሪ ወይም ሪቻርድ አልሆነም?

በብዛቱ ነዋ! በ14ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ከጆን የበለጠ የተለመደ የወንድ ስም አልነበረም። ጌታው ደጅ የቆመውን ልጅ ስሙን ባያውቅም «ጃክ!» ብሎ ከተጣራ የመሳት ዕድሉ ትንሽ ነው። ባይሆንም ልጁ መምጣቱ አይቀርም። ስሙ እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ታች ወረደ፤ የጌቶች ሳይሆን የሠራተኞች ሆነ።

ሠራተኞቹም ስሙን ራሳቸው አንስተው ተጠቅመውበታል። በ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች ሲያምፁ ከመሪዎቹ አንዱ የሚታወቀው ጃክ ስትሮው በሚል ስም ነው። ስትሮው ገለባ ማለት ነው። በአመፁ ጊዜ የተሰራጩ አጫጭር ደብዳቤዎች ጃክ ሚለር፣ ጃክ ካርተር፣ ጃክ ትሩማን በሚሉ ስሞች ወጥተዋል፤ ወፍጮ ቤቱ ጃክ፣ ጋሪ ነጂው ጃክ፣ እውነተኛው ጃክ እንደማለት። ገዢዎቹ ጃክን ይዘን እንቅጣ ቢሉ የትኛውን ጃክ ይይዛሉ? ከዚያ 23 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1358፣ ፈረንሳይ ውስጥ የተነሣው የገበሬዎች አመፅም ዣክሪ ተብሎ ነው በታሪክ የቀረው። መኳንንቱ ገበሬውን ሁሉ ዣክ እያሉ ይጠሩ ስለነበር ነው።

ዛሬም «ኤቭሪ ማን ጃክ» ሲሉ ብትሰሙ «አንድም ሰው ሳይቀር» ማለታቸው ነው። «ኤቭሪ ጃክ ሃዝ ሂዝ ጂል» ደግሞ ለሁሉም ውሃ አጣጭ አለው ነው። ላላገባ ሰው ማጽናኛ ናት። በኔ ግምት ብዙም አታጽናናም።

«ጃክ ኦፍ ኦል ትሬድስ» ሙገሳ ነው ወይስ ስድብ?

እንደ ጭራው ነው። አባባሉ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ብቻውን ሲነገር መጥፎ ትርጉም አልነበረውም። እጁ ሥራ የማይፈራ፣ አናጺም ግንበኛም ቧንቧ ጠጋኝም የሆነ ሰው ማለት ነው። ኋላ፣ ወደ 18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ «ማስተር ኦፍ ነን» የምትል ጭራ ተቀጠለችበት። ሁሉን ይነካካል፣ አንዱንም አልተካነም ማለት ነው። ሙገሳው ያኔ ገደል ገባ።

ሦስተኛ ጭራም አለች። «ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ሙያ ሊቅ ከመሆን ይሻላል» የምትል። ፌስቡክ ላይ በየጊዜው ትዞራለች፣ «ዋናው ሙሉ አባባል ይሄ ነበር፣ ቆርጠው አስቀሩት» ከሚል ማብራሪያ ጋር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በቅርብ ጊዜ የተጨመረችው እሷ ናት። ደስ የምትል ናት፣ ግን ጥንታዊ አይደለችም።

ነገሩ ሼክስፒርንም ነክቶታል። በ1592 በሮበርት ግሪን ስም የታተመ አንድ ጽሑፍ አንድን አዲስ ተዋናይ እንደ ልቡ ይዘልፈዋል። ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ቴአትር ልጻፍ ያለ ትዕቢተኛ ቁራ ይለዋል። ቀጥሎም «ዮሐንስ ፋክቶቱም» ይለዋል፤ በላቲን «ሁሉን አድራጊው ዮሐንስ» ነው። ያው ጃክ ነው፣ የላቲን ካባ ደርቦ። ተሰዳቢው ሼክስፒር መሆኑን አብዛኞቹ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ይስማሙበታል። ግሪንን ዛሬ የሚያነሱት በአብዛኛው በዚህች ስድብ ምክንያት ነው።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚሄድ ሰው ይህን አባባል ስለራሱ ባይናገረው ይመረጣል። ጠያቂው በሆዱ ጭራዋን ይጨምርባታል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚለውን ተረት ስለራስ እንደ መተረት ነው። የሠራችሁትን ዘርዝራችሁ ንገሩት፣ ይበቃል።

ጃክፖት ውስጥ ያለው ጃክ ማነው?

የካርታው ጃክ ነው። ቃሉ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ፣ ፖከር ጠረጴዛ ላይ ነው። ሕጉ እንዲህ ነው። አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል እንበል። እያንዳንዳቸው ትንሽ ገንዘብ መሃል ላይ ይጥላሉ። ካርታ ይታደላል። ጨዋታውን መክፈት የሚችለው ግን ቢያንስ ጥንድ ጃክ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ካርታ የደረሰው ሰው ብቻ ነው። ማንም ካልደረሰው ካርታው ይሰበሰባል፣ ይበወዛል፣ ሁሉም እንደገና ገንዘብ ይጥላል። አሁንም ካልመጣ እንደገና። መሃል ያለው ገንዘብ እያበጠ ይሄዳል፣ የተጫዋቾቹም ዓይን እንዲሁ። በስተመጨረሻ ጥንድ ጃክ የያዘ ሰው ብቅ ይላል። ያ ሲጠራቀም የቆየው ገንዘብ ነው ጃክፖት። ፖት መሃል የተቀመጠው ገንዘብ ነው።

ከፖከር ወደ ቁማር ማሽን፣ ከማሽን ወደ ሎተሪ፣ ከዚያ ወደ ስፖርት ውርርድ ተሻገረ። አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈቱ የውርርድ ቤቶችም ቃሉን እንዳለ ወስደውታል። ወረቀት ቆርጦ የቅዳሜና እሁድን ጨዋታ የሚጠብቅ ልጅ ስለ ጃክፖት ሲያወራ ከጃክ ጋር ትውውቅ እንዳለው አያውቅም። ከቁማር ውጭ «ሂት ዘ ጃክፖት» ቢሏችሁ ሎተሪ ወጣለት እንደምንለው ነው። ጥሩ ሚስት ላገባም ይባላል።

ካርታው ላይ ያለው ጎረምሳስ ለምን ጃክ ተባለ?

የመጀመሪያ ስሙ ኔቭ ነው። ትርጉሙ አሽከር ልጅ ነበር፣ ኋላ አጭበርባሪ ወደ ማለት ዞረ። ተራው ሰው ግን ከድሮም ጃክ ይለው ነበር። ጨዋ ነን የሚሉት ይህን ሲሰሙ አፍንጫቸውን ይነፉ ነበር። ቻርልስ ዲክንስ በ1860 እና 61 ባሳተመው «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ልብ ወለድ ውስጥ ፒፕ የተባለ የድሃ ልጅ ከአንዲት ኩሩ ልጅ ጋር ካርታ ይጫወታል። ኔቩን ጃክ ሲል ሰማችው። ጨዋታው ሳያልቅ ነው የሳቀችበት። እጁ ሸካራ፣ ጫማው ወፍራም መሆኑንም አከለችለት። አንዲት ቃል መደቡን አጋለጠችበት።

ጃክን ያዳነው አራዳነቱ ሳይሆን የሕትመት ጉዳይ ነው። የካርታው ጥግ ላይ ፊደል መጻፍ ሲጀመር ኪንግ በአንድ ፊደል ይወከላል፣ ኔቭም በዚያው ፊደል ነው የሚጀምረው። አንድ ፊደል መጨመር ግድ ሆነ። እጅ ላይ ጠበብ አድርጎ ለያዘው ሰው ሁለቱ ይምታታሉ። ጃክ ሲሆን ግን የራሱ ፊደል አለው። ኩሩዋ ልጅ ተሸነፈች።

የመኪና ጃክ ሰው ነበር?

ቀልድ ይመስላል፣ ግን መልሱ ከሞላ ጎደል አዎ ነው። የድሮ የእንግሊዝ ባለጸጋ ቤት ወጥ ቤት አስቡ። ትልቅ ሥጋ በብረት ተሰክቶ እሳት ፊት ይሽከረከራል። የሚያሽከረክረው ልጅ ነው። ሰዓታት ሙሉ ፊቱ እየተለበለበ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ያንን እጀታ ያዞራል። ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ክብደት ተንጠልጥሎበት እንደ ግድግዳ ሰዓት ራሱን የሚያዞር መሣሪያ መጣ። ልጁ ቀረ፣ ስሙ መሣሪያው ላይ ተለጠፈ። መሣሪያው ጃክ ተባለ።

ቡት ጃክም እንደዚያው ነው። ጌታው ከፈረስ ሲወርድ ረጅም ቡት ጫማውን ጎትቶ የሚያወልቅለት ልጅ ነበር። ልጁን የተካው ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ ጣውላ ነው። ተረከዝ እዚያ ይገባል፣ እግር ይጎተታል። መኪና የሚያነሳውም የጉልበት ሠራተኛን ሥራ ስለሚሠራ በዚያው ተሰየመ። እኛ አገር ከጣሊያንኛ የመጣው ክሪክ ስለቀደመው ጃክ ብትሉ ጎሚስታው ቶሎ ላይረዳችሁ ይችላል።

የጆሮ ማዳመጫው ጃክ ግን የመጣው ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የስልክ ማዞሪያ ቤቶች ነው። ኦፕሬተሯ ገመድ እየነቀለች የምትሰካባቸው ቀዳዳዎች ነበሩ። ያ ቀዳዳ አንሶ አንሶ ስልካችን ላይ ደረሰ። በ2016 አፕል አይፎን 7 ላይ ቀዳዳውን ሲያስቀረው የተነሣውን ጩኸት ታስታውሳላችሁ።

«አይም ኦል ራይት፣ ጃክ» ሲሉ ደህና ነኝ ማለታቸው ነው?

ቃሉን እንዳለ ብትወስዱት አዎ። ነገር ግን አሽሙር ነው። የእንግሊዝ አባባል ነው። መርከበኞች እርስ በርስ ጃክ ይባባሉ ነበር። እኔ መርከቡ ላይ ወጥቻለሁ፣ መሰላሉን አንሱት፣ ከታች የቀረው የራሱ ጉዳይ የሚል ሰው አነጋገር ነው። በ1959 የወጣ፣ ፒተር ሴለርስ የተጫወተበት፣ በዚሁ አባባል የተሰየመ አስቂኝ ፊልም ይበልጥ አስፋፋው።

እኛ ለዚህ ሰው «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» እንላለን። የእንግሊዝ ጋዜጦች ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጡረታ፣ ስለ ስደተኞች ሲከራከሩ ይህን አባባል ያነሡታል። ራሱ ወረቀት ካገኘ በኋላ «አሁንስ በዛ፣ በሩ ይዘጋ» የሚል የአገር ልጅ ገጥሟችሁ ከሆነ ጃክን በአካል አግኝታችሁታል።

«ዩ ዶንት ኖው ጃክ» ሥራ ቦታ ማለት ይቻላል?

ባትሉ ይሻላል። የአሜሪካ አነጋገር ነው፣ «ምንም አታውቅም» ማለት ነው። ጃክ ቀጥላ የምትመጣ አንዲት የብልግና ቃል ነበረችው። ቃሏ ብትቆረጥም ሰሚው ያስታውሳታል። በጓደኛሞች መሃል ችግር የለውም። ለአለቃችሁ ግን አይሆንም።

ጃካስ ማለትስ?

ወንድ አህያ። ለሰው ሲነገር የደነዝ ስድብ ነው። እንስሳውን አህያ ብሎ ሰውንም አህያ ማለት ለአማርኛ ተናጋሪ ማብራሪያ አያሻውም። ጃክራቢት የምትባለዋ የአሜሪካ ጥንቸልም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ አህያ ነው፣ በጆሮዋ ርዝመት።

ጃክ የሚል ድምፅ ያለበት ሁሉ የእሱ ዘመድ ነው?

አይደለም። ጃካል፣ ቀበሮው፣ በቱርክኛ በኩል ከፋርስ የመጣ ቃል ነው። ጃክፍሩት የተባለው ትልቁ ፍሬ ከደቡብ ሕንድ ማላያላም ቋንቋ ተነሥቶ በፖርቱጋሎች አፍ ተሻግሮ ነው እንግሊዝ የደረሰው። ሁለቱም ከዮሐንስ ጋር አይተዋወቁም።

ጃኬት ግን ሳይዛመድ አይቀርም። ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ተራው ሰው ይለብሰው የነበረ አጭር ልብስ በገበሬው በዣክ ስም ተጠራ ይባላል። እንግዲህ ዘመድነቱ በያዕቆብ በኩል ነው።

ሃይጃክ ላይ ብዙ ተረት አለ። ዘራፊው ሾፌሩን «ሃይ፣ ጃክ!» ብሎ ስላስቆመው ነው ይላሉ። ታሪኩ ያስቃል፣ ማስረጃ ግን የለውም። ቃሉ የገነነው በ1920ዎቹ አሜሪካ ነው፣ አልኮል በተከለከለበት ዘመን ውስኪ የጫኑ መኪኖች መንገድ ላይ ሲዘረፉ። አውሮፕላን ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ጃክ የሚባል ጓደኛችሁን ስታዩ ግን «ሃይ ጃክ» ብላችሁ አትጩኹ። ይህ ምክር ማስረጃ አይፈልግም።

ጃክ ሮቢንሰንስ ማነው?

«ጃክ ሮቢንሰን ሳትል» ማለት ከመቅጽበት ማለት ነው። ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። ፍራንሲስ ግሮስ የተባለ ሰው በ1785 ባሳተመው የመንገድ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ላይ ችኩል ጎብኚ ነበር ይለናል፤ አሽከሩ ስሙን ጠርቶ ሳይጨርስ ተሰናብቶ ይወጣል። ለእንግዳ ቡና ለሚያፈላ ሰው ከዚህ የባሰ እንግዳ የለም።

ጃክ ዘ ሪፐር ስሙ ጃክ ነበር?

ማንነቱ አልታወቀም። በ1888 ለንደን ውስጥ ሴቶችን የገደለው ሰው አልተያዘም። ስሙ የመጣው ለአንድ የዜና ወኪል ከተላከ ደብዳቤ ፊርማ ነው። ደብዳቤውን ገዳዩ ሳይሆን ጋዜጠኛ ጻፈው የሚሉ ብዙ ናቸው። ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ሲፈርም ጃክ ብሎ መፈረሙ ግን አይገርምም።

አማርኛ ውስጥ እንደ ጃክ ያለ ስም አለ?

አለ እንጂ! የኔ ዕጩ ማሞ ነው። «ማሞ ሌላ መታወቂያው ሌላ» የማይል አለ? ሜኑ ላይ ያለው በርገር ሁለት እጅ ይፈልጋል። የሚመጣው በአንድ ጉርሻ ያልቃል። «ማሞ ሌላ መታወቂያው ሌላ» ብለህ ትበላለህ። ደላላው በስልክ የነገረህ ቤትና ቁልፉን ይዞ የከፈተልህ ቤትም እንዲሁ ናቸው። ይህ ማሞ ማነው? እንደ ጃክ ሁሉ፣ ማንም።

አበበም አለ። «አበበ በሶ በላ፣ ጫላ ጩቤ ጨበጠ» እያለ ፊደል ያልቆጠረ የኛ ትውልድ ሰው የለም። ሒሳብ ላይ ብርቱካን የሚገዛውም አበበ ወይም ከበደ ነው። አበበ ግን በሶውን በልቶ አረፈ፣ እንደ ማሞ ብዙ አባባል አላፈራም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ማሞ ቂሎ ነው። እንግሊዞች «ሰነፉ ጃክ» የሚባል ተረት አላቸው። ጃክ ሠርቶ ያገኛትን ሳንቲም መንገድ ላይ ይጥላታል። እናቱ «ኪስህ ውስጥ አትከታትም ነበር?» ትለዋለች። እሺ ይላል። በማግስቱ ደሞዙ ወተት ነው። ኪሱ ውስጥ ያደርገዋል። «በራስህ አትሸከመውም ነበር?» ትለዋለች። በማግስቱ የተሰጠውን ለስላሳ አይብ አናቱ ላይ ያስቀምጣል፣ አይቡ ፀጉሩ ውስጥ ይቀልጣል። እንዲህ እያለ ምክሩ ሁልጊዜ በአንድ ቀን ይዘገይበታል። በመጨረሻ ደሞዙ አህያ ሲሆን «በትከሻህ ተሸከም» የተባለውን አስታውሶ አህያውን ይሸከማል። ስቃ የማታውቅ የሀብታም ልጅ በመስኮት አይታው ትስቃለች፣ እሱም ያገባታል። ጃክፖት ማለት ይህ ነው።

ማሞ ቂሎን ከአያቱ የሰማ ሰው ወተቱን ኪስ ውስጥ ሲገለብጥ ወዲያው ያውቀዋል። ተረት አጥኚዎች ይህን ዓይነቱን ታሪክ በብዙ አገር አግኝተውታል። የየአገሩ ሰው ለዚያ የዋህ ልጅ የመረጠለት ስም ሩቅ አይደለም። እዚያ ጃክ ነው፣ እዚህ ማሞ።

የማላውቀውን ሰው ጃክ ብዬ ልጥራው?

አይሆንም። የድሮ የአሜሪካ ፊልም ላይ «ሊስን፣ ጃክ» የሚለው ሰው ጠብ ሊጀምር ነው።

ልጄን ጃክ ብዬ ብሰይመው ይሰደብብኛል?

በፍጹም። አሽከሩን የሚያስታውሰው የለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ በእንግሊዝና በዌልስ ለወንድ ልጅ በብዛት የሚወጣው ስም ጃክ ነበር። በስልክ ለሚጠይቋችሁ አያቶች «ዮሐንስ ማለት ነው» ብትሏቸው እውነት ነው፣ ደስም ይላቸዋል። አንድ ነገር ብቻ አስቡበት። ማቆላመጣቸው ስለማይቀር «ጃኪ» ይሉታል። ጃኪ ደግሞ፣ ጃኪ ቻን ምንም ቢል፣ እንግሊዝ አገር በአብዛኛው የሴት ስም ነው።